በርበሬው ማሽን ውስጥ ከመግባቱ በፊት

ዛላ በርበሬ ሊገዛ ደሴ ገበያ የወጣ ሰው የሚጠይቀው የታወቀ ነው። ኪሎው ስንት ነው? የየት አገር ነው? ያቃጥላል? አንዱን ዛላ ሰብሮ ፍሬውን ያያል፣ ያሸታል፣ ጫፉን በምላሱ ይነካል። በዚህ ሁሉ የማይታወቅ አንድ ነገር አለ። አፍላቶክሲን ይባላል። ሻጋታ የሚሠራው መርዝ ነው። አይሸትም፣ ጣዕም የለውም፣ በዓይን አይለይም። ሻጋታው ተራግፎ ቢጠፋ እንኳ መርዙ ዛላው ውስጥ ይቀራል። ወጡ ቢንተከተክም አይጠፋም፤ ለመፈራረስ ከ200 ዲግሪ በላይ ሙቀት ይፈልጋል። ለረጅም ጊዜ ከተበላ የጉበት ካንሰር ያመጣል።

ይህን መርዝ ከሚለኩት መሣሪያዎች ዋነኛው ፈሳሽ ክሮማቶግራፍ ነው። ላቦራቶሪ የሚሠሩ ሰዎች ኤችፒኤልሲ ይሉታል። ዋጋው የሚያስደነግጥ ስለሆነ እንግዳ ሲመጣ ቀድሞ የሚታየው እሱ ነው፣ ፎቶም የሚነሳው እሱ ነው። እኔ የማወራው ግን ከማሽኑ ጀርባ ስላለው ጠረጴዛ ነው። ሚዛኑ፣ ማደባለቂያው፣ የማጣሪያ ወረቀቱ፣ ትንንሾቹ የፕላስቲክ ቱቦዎች ያሉበት ጠረጴዛ። ውጤት ሲበላሽ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚያ ነው። ማሽኑ የሰጡትን ይለካል። ምን እንደሰጡት ግን አያውቅም።

መጀመሪያ ስለ መጠን እንነጋገር፤ ነገሩ ያለ እሱ አይገባም። የአውሮፓ ኅብረት ለበርበሬ ያስቀመጠው ጣሪያ በአንድ ኪሎ 5 ማይክሮግራም አፍላቶክሲን ቢ1 ነው። ለአራቱ ዋና ዋና ዓይነቶች በድምሩ ደግሞ 10 ነው። ማይክሮግራም የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። በሌላ አነጋገር ሃምሳ ኩንታል በርበሬ በጫነ አይሱዙ ውስጥ ጣሪያውን የሚነካው መርዝ ሁሉ ተሰብስቦ ቢመዘን 25 ሚሊግራም ነው። አንድ ቁንጥር ጨው ከዚያ ይበልጣል። ቁንጥሩን ያን ሁሉ ጭነት ውስጥ በትኖ፣ ከዚያ በአንዲት ጠርሙስ በርበሬ ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ነው ሥራው።

አሁን ማሽኑ ምን እንደሚሠራ በአጭሩ። የሰኞን የባቲ ገበያ አስቡ። ሁለት ሰዎች እኩል ተነሥተው ገበያውን ከዳር እስከ ዳር ሊያቋርጡ ነው። አንዱ እንግዳ ነው፣ የሚያውቀው የለም፣ ሰውን እየገፋ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ሌላው የአገሩ ልጅ ነው። በየእርምጃው ሰላምታ አለ፣ የዘመድ ጤና መጠየቅ አለ፣ ‘ቡና ጠጥተህ ሂድ’ አለ። ይደርሳል፤ ግን ዘግይቶ። የማሽኑ ልብ የሆነው ኮለም እንዲህ ያለ ገበያ ነው። ጣት የምታህል የብረት ቱቦ ናት፤ ውስጧ በጣም በደቀቀ የሲሊካ ዱቄት ታጭቋል። ዱቄቱ ላይ ቅባት ወዳድ የሆነ የካርቦን ሰንሰለት ተለጥፏል። ውሃና ሜታኖል የተባለው አልኮል በኃይለኛ ግፊት ሲያልፉበት ውሃ ወዳዱ ቶሎ ይወጣል፣ ቅባት ወዳዱ እየተያዘ ይዘገያል። አራቱ አፍላቶክሲኖች በተለመደው አሠራር ጂ2፣ ጂ1፣ ቢ2፣ በመጨረሻ ቢ1 ሆነው ይወጣሉ። መውጫው ላይ በልዩ ብርሃን ሲመቱ ያበራሉ። ማሽኑ የብርሃኑን መጠን ስክሪን ላይ በሾለ ጉብታ ይስለዋል። ከጉብታው ሥር ያለው የቦታ ስፋት መጠኑን ይነግራል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ሩሲያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሚካኤል ፅቬት እ.ኤ.አ. በ1900ዎቹ መጀመሪያ የቅጠል ቀለሞችን የጠመኔ ዱቄት በሞላበት የመስታወት ቱቦ አሳልፎ አረንጓዴውንና ቢጫውን በየመስመሩ ለያይቶ አሳይቷል።

እንግዲህ ችግሩ እዚህ ጋ ነው። በርበሬ መርዝ ብቻ አይደለም። ቀዩ ቀለም አለ፣ የሚያቃጥለው ነገር አለ፣ የፍሬው ዘይት አለ፣ ስኳር አለ፣ ፕሮቲን አለ። ሁሉም ከአፍላቶክሲኑ በብዙ ሺህ፣ አንዳንዱም በሚሊዮን እጥፍ ይበልጣሉ። ይህን ሁሉ ኮለም ውስጥ ብትለቁት አንዳንዱ አብሮ ያበራል፣ አንዳንዱ ጉብታውን ይሸፍነዋል፣ ዘይቱ ደግሞ ኮለሙ ውስጥ ተለጥፎ ይቀራል። ኮለም ርካሽ ዕቃ አይደለም። ስለዚህ በርበሬው ማሽን ጋ ሲደርስ በርበሬነቱ መቅረት አለበት።

ከጆንያው እንጀምር። የቆቦ ጊራና ሸለቆ ገበሬ በርበሬውን ለቅሞ መሬት ላይ ሲያሰጣ፣ ከሥር ሰሌን ወይም ሸራ ካላደረገ አንዳንዱ ዛላ እርጥብ አፈር ላይ ያድራል። ነጋዴው ደግሞ ዛላው በመንገድ እንዳይሰባበር፣ ሲመዘንም ከበድ እንዲል ውሃ ርጭት ያደርግበታል። ሻጋታው የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ ሙቀትና እርጥበት። ግን ሁሉም ዛላ ላይ እኩል አይበቅልም። ከሺህ ዛላ ጥቂቶቹ ብዙ መርዝ ይይዛሉ፣ የቀረው ንጹሕ ነው። ከጆንያው አፍ አንድ እፍኝ ዘግኖ ላቦራቶሪ ያመጣ ሰው ወይ አንዷንም የታመመች ዛላ አላገኘም፣ ወይ አጋጣሚ ሆኖ ሦስቱን አንድ ላይ አግኝቷል። ሁለቱም ውጤት ያሳስታል። በአፍላቶክሲን ምርመራ ትልቁ ስሕተት የሚመጣው ከናሙና አወሳሰድ ነው። ማሽኑ ምንም ያህል ቢራቀቅ ይህን አያርመውም።

ስለዚህ ከብዙ ጆንያ፣ ከአፉም፣ ከመሃሉም፣ ከሥሩም ጥቂት ጥቂት ይወሰዳል። ተደባልቆ በኪሎ የሚቆጠር ክምር ይሆናል። ቀጥሎ ያለው ቅደም ተከተል ወሳኝ ነው። ክምሩ መጀመሪያ ሙሉው ይፈጫል፣ ከዚያ ይከፈላል። ብዙ ሰው ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ትንሽ ይቆነጥርና እሱን ብቻ ይፈጫል፣ ጊዜ ይቆጥብልኛል ብሎ። ሳይፈጭ የተከፈለ በርበሬ ውስጥ የታመመችው ዛላ ወይ በአንዱ ክፍል አለች ወይ በሌላው። ግማሽ ልትሆን አትችልም። ሲፈጭ ግን ለሁሉም ትዳረሳለች። ዱቄቱ ደቅቆ 1 ሚሊ ሜትር በሆነ ወንፊት ማለፍ አለበት። ተቆልሎ እንደ መስቀል ለአራት ይከፈላል፣ ትይዩ ያሉት ሁለቱ ይወሰዳሉ፣ እንደገና ይደባለቃል፣ እንደገና ይከፈላል። ወፍጮውም በየናሙናው መሃል ይጸዳል። የሰፈር ወፍጮ ቤት ለዚህ አይሆንም። ጥርሱ ውስጥ የቀረው የቀደመው ሰው በርበሬ ከናንተው ጋር ይቀላቀላል።

አሁን 25 ግራም ዱቄት ጠርሙስ ውስጥ አለ እንበል። መርዙን ከዱቄቱ ወደ ፈሳሽ ማውጣት ይቀጥላል። አፍላቶክሲን በንጹሕ ውሃ እምብዛም አይወጣም። በንጹሕ ሜታኖል ይወጣል፤ ሜታኖል ብቻውን ግን ዘይቱንና ቀለሙን በገፍ ይጎትታል፣ የደረቀውንም የበርበሬ ገላ አያፍታታውም። ስለዚህ ይቀላቀላሉ። ከተለመዱት ድርሻዎች አንዱ 70 እጅ ሜታኖል፣ 30 እጅ ውሃ ነው። ውሃው የደረቀውን ገላ ያርሰዋል፣ ያሳብጠዋል፣ በር ይከፍታል። ሜታኖሉ ገብቶ መርዙን ያሟሟል። ጥቂት የገበታ ጨውም ይጨመራል። ይህ ሜታኖል ለመጠጥ ከሚሆነው አልኮል የተለየ መሆኑን እግረ መንገዴን ላስታውስ። ዓይን ያሳውራል፣ ይገድላልም።

ለ25 ግራሙ 100 ሚሊ ሊትር ድብልቅ ይገባበትና በኃይለኛ ማደባለቂያ ለጥቂት ደቂቃ ይመታል፣ ወይም በመናጫ ግማሽ ሰዓት ይናጣል። እጥፋት ባለው የማጣሪያ ወረቀት ሲጣራ ከታች የሚጠራቀመው ፈሳሽ ብርቱካናማ ቀይ ነው። ጠረኑ ያስነጥሳል። እዚህ ላይ ስለ ከፍታ አንድ ነገር ልበል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ሜታኖልማ ወትሮም በ65 ዲግሪ የሚፈላ፣ ትነት የሚቸኩል ነገር ነው። ክዳኑን ከፍቶ ሻይ ሊጠጣ የሄደ ሰው ሲመለስ ፈሳሹ ቀንሶ ይጠብቀዋል። ፈሳሹ ሲቀንስ መርዙ አልቀነሰም፣ ስለዚህ ይወፍራል። ንጹሕ የነበረ በርበሬ በወረቀት ላይ የቆሸሸ ይመስላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ክዳን።

ቀጥሎ ማጽዳት። በእኔ ግምት የጠቅላላው ሥራ ውበት ያለው እዚህ ነው፣ ስለዚህ ቆም እንበል።

ከብርቱካናማው ፈሳሽ 10 ሚሊ ሊትር በፒፔት ይወሰድና 60 ሚሊ ሊትር ጨዋማ ባፈር (አሲድነቱ በቀላሉ የማይለዋወጥ ፈሳሽ) ይጨመርበታል። ሜታኖሉ ከ70 እጅ ወደ 10 እጅ ይወርዳል። ይህ የሚደረግበት ምክንያት አለው። ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ ሰውነታችን በሽታን ለመያዝ የሚሠራው ዓይነት ፕሮቲን። አፍላቶክሲንን ብቻ ለይቶ እንዲይዝ ሆኖ ተዘጋጅቷል። ሜታኖል ሲበዛበት ግን ቅርጹ ይበላሻል፣ መያዙንም ይተዋል። ፈሳሹ ሲቀጥን ዘይቱ ስለማይሟሟ ደመና ሆኖ ይንሳፈፋል። በመስታወት ክር በተሠራ ደቃቅ ማጣሪያ አንዴ ይጣራል።

ከዚያ ትንሿ ቱቦ ትመጣለች። የአውራ ጣት ያህል ናት። ሥሯ ላይ ነጭ ጄል አለ፤ ፀረ እንግዳ አካሉ የተለጠፈው በዚያ ጄል ላይ ነው። 70 ሚሊ ሊትሩ በሙሉ ከላይ እየተቀዳ ጠብ፣ ጠብ እያለ ያልፋል። በሴኮንድ አንድ ጠብታ፣ ከዚያ አይበልጥም። የሚቸኩል ሰው በሲሪንጅ ይገፋዋል። የተገፋ ፈሳሽ መርዙን ለማስያዝ ጊዜ አይሰጥም፤ መርዙ ከቀለሙ ጋር አልፎ የቆሻሻው ዕቃ ውስጥ ይገባል። በትዕግሥት ከሠራችሁት ግን ከታች የሚወርደው ሐመር ብርቱካናማ ነው፣ ጄሉ ደግሞ ነጭ እንደሆነ ይቀራል። በ10 ወይም 20 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይታጠባል። ዘይት ሄደ፣ ቀለም ሄደ፣ ማቃጠሉ ሄደ። አፍላቶክሲኑ ብቻ ተይዞ ቀረ።

ቅድም የተፈራው ሜታኖል አሁን ይፈለጋል። 1 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ሜታኖል ጄሉ ላይ ተደርጎ አንድ ደቂቃ ያህል ይቆማል። ፀረ እንግዳ አካሉ ቅርጹ ሲበላሽ የያዘውን ይለቃል። ከሥር በምትጠብቀው ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ቀለም አልባ፣ የበርበሬ ወሬ የሌለበት ፈሳሽ ይወርዳል። 1 ሚሊ ሊትር ውሃ ይጨመርበታል፤ ማሽኑ ውስጥ ከሚፈሰው ድብልቅ ጋር እንዲቀራረብ። ንጹሕ ሜታኖል በቀጥታ ብትወጉበት ጉብታው ይዘረጠጣል፣ አንዳንዴም ለሁለት ይከፈላል።

ሒሳቡን እንይ። 25 ግራም በ100 ሚሊ ሊትር ነበር፤ በ10 ሚሊ ሊትሩ ውስጥ 2.5 ግራም በርበሬ ‘አለ’ ማለት ነው። አሁን ያ ሁሉ በ2 ሚሊ ሊትር ውስጥ ነው። ፈሳሹ ጸዳ ብቻ ሳይሆን አምስት እጥፍ ወፍሯል። በርበሬው በኪሎ 5 ማይክሮግራም ቢኖረው በዚያች ጠርሙስ ውስጥ ያለው መርዝ በሙሉ 12.5 ናኖግራም ነው፤ ናኖግራም የማይክሮግራም አንድ ሺህኛ ነው። ማሽኑ ይህችን ያያል።

ይህች ቱቦ ግን ወሰን አላት። ብዙዎቹ 100 ናኖግራም ያህል ለመያዝ የተሠሩ ናቸው። በ2.5 ግራም ሒሳብ ይህ በኪሎ 40 ማይክሮግራም ነው። በርበሬው 200 ቢኖረውስ? ቱቦዋ ትሞላና የተረፈው ይፈሳል። ወረቀቱ ላይ 40 ገደማ ይጻፋል። ያ በርበሬ ክፉ መሆኑ ይታወቃል፤ ምን ያህል ክፉ እንደሆነ ግን ተደብቋል። ስለዚህ ከፍ ያለ ቁጥር ሲታይ ፈሳሹን አቅጥኖ በአዲስ ቱቦ መድገም ግዴታ ነው። ቱቦዎቹ ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለባቸው፤ መቀዝቀዝ እንጂ በረዶ መሆን የለባቸውም። መብራት ሲሄድ ሲመጣ በከረመ ማቀዝቀዣ ውስጥ የቆየ ቱቦ ላይ ብዙም እምነት ባትጥሉ ይሻላል።

ማሽኑ ጋ ከመድረሱ በፊት ያለችው የመጨረሻ ማጣሪያ 0.45 ወይም 0.2 ማይክሮሜትር ቀዳዳ ያላት ናት፤ ዓላማዋ የኮለሙ አፍ እንዳይደፈን ነው። የመጀመሪያዎቹን ጠብታዎች ጥሉ። ጠርሙሱ ቡናማ ቢሆን ጥሩ ነው፣ አፍላቶክሲን ብርሃን አይወድም። ሌላም ጠባይ አለው። ውሃ በበዛበት ፈሳሽ ውስጥ ከመስታወት ግድግዳ ጋር ይጣበቃል። ዕቃው በአሲድ ታጥቦ፣ በደንብ ተለቅልቆ ካልሆነ መርዙ ጠርሙሱ ላይ ቀርቶ ፈሳሹ ብቻ ይገባል።

ይህን ሁሉ አልፎ መርዙ በደኅና እንደደረሰ በምን ይታወቃል? ንጹሕ መሆኑ በተረጋገጠ በርበሬ ላይ የታወቀ መጠን ይጨመራል፤ 5 ማይክሮግራም በኪሎ እንበል። ከዚያ መርዙን ከማውጣት እስከ ማጣራት ሁሉም ደረጃ ይደገምበታል። 4 ከተነበበ ከመቶ ሰማንያ እጁ ተመልሷል ማለት ነው። በዚህ ዝቅተኛ መጠን ከ70 እስከ 110 እጅ ተቀባይነት አለው። እኔ ግን በዚህ ፈተና ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። ዛሬ የተጨመረው መርዝ ዱቄቱ ላይ ላዩን ነው ያለው፤ ሻጋታው የሠራው ግን ከወራት በፊት ገላው ውስጥ ገብቷል። ላዩን ያለው በቀላሉ ይወጣል። ፈተናውን ያለፈ አሠራር እውነተኛውን መርዝ በሙሉ ላያወጣ ይችላል። ስለዚህ መጠኑ አስቀድሞ በብዙ ላቦራቶሪዎች የታወቀ፣ በተፈጥሮ የተበከለ ማመሳከሪያ ዱቄት ካለ እሱ ይሻላል።

ወሎ ወይም ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ የሚማር ልጅ ይህን አንብቦ ‘እንግዲህ ለሁሉም ናሙና እንዲህ ነው’ እንዳይል እፈራለሁ። አይደለም። ጥያቄው ሲቀየር ዝግጅቱም ይቀየራል። ያንኑ በርበሬ ይዞ ‘ሱዳን ቀይ የተባለው የፋብሪካ ቀለም ተቀላቅሎበታል ወይ?’ ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ቅባት ወዳዱ ነገር አሁን ተፈላጊው ነው፤ ቅድም ታጥቦ የተደፋው ማለት ነው።

ጓያን ደግሞ ውሰዱ። በወሎ ደጋ ዋልካ መሬት ላይ ሌላው ሁሉ ሲከዳ የሚበቅለው እሱ ነው። በረሃብ ዘመን ለብዙ ወር እሱን ብቻ የበላ ሰው እግሩ ሽባ ሊሆን ይችላል። ጥፋተኛው ኦዳፕ የተባለ አሚኖ አሲድ ነው። ኦዳፕ ውሃ ወዳድ ነው፤ በውሃ ወይም ውሃ በተቀላቀለበት ኤታኖል ይወጣል። ኮለም ውስጥ ግን ማንም አይዘውም፣ በብርሃንም በቀላሉ አይታይም። ስለዚህ ከመወጋቱ በፊት ከሌላ ኬሚካል ጋር ተጣምሮ የሚታይና የሚያዝ እንዲሆን ይደረጋል። የበለጠ የሚያስቸግረው ሙቀት ነው። ኦዳፕ ሲሞቅ ከፊሉ ወደ ሌላ፣ መርዝነቱ ወደቀነሰ ቅርጽ ይዞራል። ቶሎ እንዲወጣልኝ ብሎ ያፈላው ሰው የሚፈልገውን ነገር ራሱ ለውጦታል። አፍላቶክሲን ላይ ሙቀት ይህን ያህል ጉዳይ አልነበረም።

ቆቦ ላይ በመስኖ የሚመረተው ሽንኩርትና ቲማቲም ላይ የፀረ ተባይ ቅሪት ለመፈለግ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 ይፋ የሆነ ቀለል ያለ አሠራር አለ፤ ኬቸርስ ይሉታል። 10 ግራም የተፈጨ ቲማቲም አሴቶናይትራይል ከተባለ ማሟሟቻ ፈሳሽ 10 ሚሊ ሊትር ጋር ይናጣል፣ ከዚያ 4 ግራም ማግኒዥየም ሰልፌትና 1 ግራም ጨው ይገባበታል። ጨዎቹ ውሃውን ሲይዙ ቱቦው እጅ ላይ ይሞቃል። አሴቶናይትራይሉ ከውሃው ተለይቶ ከላይ ይሰፍራል፤ ፀረ ተባዩም አብሮት። አንድ ሰው በአንድ ቀን ብዙ ናሙና ይሠራበታል። ደም ከሆነ ደግሞ ሌላ ነው፤ ሦስት እጥፍ አሴቶናይትራይል ተጨምሮ ፕሮቲኑ ይረጋል፣ በፍጥነት በሚያሽከረክር ማሽን (ሴንትሪፊውጅ) ይዘቅጣል፣ ከላይ ያለው ይወሰዳል።

ናሙና ለሚልክ ነጋዴም ሆነ ኅብረት ሥራ ማኅበር የሚጠቅም ነገር ልጨምር። በርበሬውን በፌስታል ቋጥራችሁ በአውቶቡስ ኮፈን ላይ አትላኩት። ፌስታል ውስጥ እርጥበቱ ይታፈናል፣ ሻጋታው በመንገድ ላይ ሥራውን ይቀጥላል፤ ከተነሣበት የባሰ በርበሬ ይደርሳል። በደንብ የደረቀ ይሁን፣ በወረቀት ወይም በጨርቅ ከረጢት። ውጤቱ ሲመጣ ‘አልተገኘም’ የሚል ቃል ካያችሁ ከስንት በታች እንደሆነ ጠይቁ። ማየት የሚችለው በኪሎ ከ3 ማይክሮግራም በላይ ብቻ የሆነ አሠራርና ከ0.2 በላይ የሚያይ አሠራር ሁለቱም ‘አልተገኘም’ ብለው ይጽፋሉ። ምን ያህል እጅ እንደተመለሰና ቁጥሩ በዚያ መታረሙን አለመታረሙንም ጠይቁ።

የላቦራቶሪው ሰዎች የተፈጨውን ዱቄት ሁሉ እንዳይደፉትም ንገሯቸው። ግማሹ ታሽጎ፣ ከብርሃን ርቆ፣ ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ። ገዢና ሻጭ በውጤቱ ካልተስማሙ የሚደገመው በዚያው ዱቄት ነው። ከጆንያው አዲስ እፍኝ ተዘግኖ ከተሠራ ግን የሚወዳደሩት ሁለት የተለያዩ ናሙናዎች ናቸው፤ ቁጥሮቹ ቢለያዩም ላቦራቶሪው ተሳስቷል ለማለት አያበቃም።